ሌባ ሻዩ ልጅና የሂፕኖቲዝም ነገር

«ሌባ ሻይ» የሚለውን ቃል ዛሬ የሚሰማ ወጣት ሌባ የሚጠጣው ሻይ ሊመስለው ይችላል፤ አይፈረድበትም። ቃሉ ግን ከሻይ ቅጠሉ ጋር ዝምድና የለውም። «ሻ» ማለት ፈለገ ማለት ነውና ሌባ ሻይ ሌባ ፈላጊ ነው። ቅድመ አያቶቻችን የፖሊስ ጣቢያ ሳያውቁ በፊት ንብረት ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ሲገደል አድራጊው ከሚፈለግባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነበር።

አደራረጉ እንዲህ ነው። ንብረት የጠፋበት ሰው ለሹም ያመለክታል፤ ሹሙም ሌባ ሻዩን ያስጠራል። ባለሙያው አንድ ልጅ ይዞ ይመጣል። ልጁ ከ12 ዓመት የማይበልጥ፣ ክፉና ደጉን ገና ያልለየ የሚባል ነው። ዱቄት የተበጠበጠበት ወተት ያጠጡታል፤ ቀጥሎም ሌላ ዱቄት የተቀላቀለበት ትምባሆ በጋያ ያስጨሱታል። ጥቂት ቆይቶ የልጁ ዓይን ይፈዛል፣ ሰመመን ውስጥ ይገባል፣ ከዚያም እንደ ደነበረ ጥጃ ብድግ ብሎ መሮጥ ይጀምራል። ወገቡ ላይ መቀነት ታስሯል፤ የመቀነቱን ጫፍ አንድ ሰው ጨብጦ ከኋላ ከኋላው ይከተላል። ልጁ እየወደቀ እየተነሳ፣ ከደጅ ደጅ ሲል ቆይቶ ከአንዱ ቤት ይገባና ተዘርሮ ይተኛል። በቃ፣ ሌባው ተገኘ። ባለቤቱ «አላውቅም» ቢል ማን ይሰማዋል!

ይህን ልማድ ለውጭው ዓለም ካስተዋወቁት አንዱ ሙሴ አልፍሬድ ኢልግ ናቸው። ኢልግ በ1871 ዓ.ም. ከስዊስ አገር ወደ ሸዋ መጥተው ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ዳግማዊ ምኒልክን ያገለገሉ መሐንዲስ ነበሩ፤ በ1889 ዓ.ም. የመንግሥት አማካሪ እስከ መሆን ደርሰዋል። ቤተ መንግሥቱ እንጦጦ ላይ፣ ከዛሬው ጉለሌ አናት ላይ በነበረበት ጊዜ የነበሩ፣ ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ወደ ፍል ውኃው ሜዳ ስትወርድም ያዩ ሰው ናቸው። ወደ አውሮፓ ከተመለሱ በኋላ ስለ ሌባ ሻይ የተናገሩት በዚያ ጋዜጦች ላይ ወጣ፤ ጊዜው ሂፕኖቲዝም የሁሉ ሰው ወሬ የሆነበት ነበርና አንባቢው «እነሆ፣ ሐበሾች ሂፕኖቲዝምን ለወንጀል ምርመራ ያውሉታል» ብሎ ተደነቀ።

ከታሪኮቹ አንዱ ይህ ነው። በአዲስ አበባ አቅራቢያ ሰው ተገድሎ ንብረቱ ይዘረፋል። ልጁ ግድያው ከተፈጸመበት ቦታ ተወስዶ በሰመመን ውስጥ እንዲገባ ይደረጋል። ልጁ በዚያው ሲዞር ይቆይና ወደ ከተማው ይሮጣል፤ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ይሳለማል፣ ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ እንደገና ይሳለማል። ከውኃ ሲደርስ ሰመመኑ ይለቀዋል (ውኃ ይፈታዋል ተብሎ ይታመን ነበር)፤ አሻግረው እንደገና ያስጀምሩታል። በመጨረሻ ከአንድ ጎጆ ደጃፍ ይተኛል። ባለቤቱ ሲመለስ ይያዛል፤ የሟቹ ንብረት ከቤቱ ይገኛል። ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀርቦ ሲጠየቅም ከግድያው በኋላ እነዚያን ቤተ ክርስቲያኖች ተሳልሞ እንደነበር ያምናል።

ደስ የሚል ታሪክ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ይብሳል። አዲስ አበባ ላይ ቤት ያቃጠለ ሰው እንዲፈለግ ልጁ ይለቀቃል። ልጁም 16 ሰዓት ያህል ሳያርፍ፣ እግረ ፈጣን የተባሉ ሯጮች እየተፈራረቁ ሊከተሉት እስኪያቅታቸው ሮጦ ሐረር አጠገብ ይደርሳል፤ ከመንገድ ወጥቶ በእርሻው ላይ የነበረን ሰው በእጁ ይነካል፤ ሰውየውም ያምናል። እዚህ ላይ ወረቀትና እርሳስ ማንሳት ይገባል። ከአዲስ አበባ ሐረር በዛሬው አውራ ጎዳና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በድሮው የቅፍለት መንገድም ከ400 አይወርድም። 400ን ለ16 ብናካፍል በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በየማለዳው እንጦጦ ጫካ ውስጥ የሚሮጡት ጀግኖቻችን ያሉበት የዓለም ማራቶን ፈጣኖች በሰዓት 21 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሮጡት ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው። አንድ የ12 ዓመት ልጅ፣ ያውም ራሱን ስቶ፣ ዳገትና ቁልቁለቱን ለ16 ሰዓት በ25 ኪሎ ሜትር ፍጥነት! ሙሴ ኢልግ ዋሹ አልልም። ወሬ ከአፍ አፍ ሲሄድ እግር ያወጣል፤ ይህኛው ወሬ ግን ከልጁ የበለጠ ሮጧል።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ሦስተኛው ታሪክ ነው። ምኒልክ፣ ነገርን መርምረው ካልሆነ የማይቀበሉ ንጉሥ ነበሩና፣ ሌባ ሻዩን ሊፈትኑት ፈለጉ። የእቴጌ ጣይቱን ጌጥ ራሳቸው ደበቁና ልጁን አስጠሩ። ልጁ በእቴጌይቱ ክፍሎች ተሯሯጠ፣ ወደ ንጉሡ ክፍሎች አለፈ፣ ወዲያ ወዲህ ብሎ በመጨረሻ ከንጉሠ ነገሥቱ አልጋ ላይ ተዘረረ። ይህ ለሌባ ሻይ እውነተኛነት ትልቅ ማስረጃ ሆኖ ተነገረ። ነገር ግን አንባቢ ልብ ይበል፤ መልሱን የሚያውቁት አንድ ሰው ነበሩ፣ እሳቸውም ከዚያው ግቢ ውስጥ ነበሩ። ልጁ ወደ ንጉሡ እልፍኝ ሲጠጋ ፊታቸው ምን ይል ነበር? የአጃቢው እርምጃስ? መቀነቱን የያዘው ሰው እጁ ላይ ምን ተሰማው? ፈተናው ይፈትን የነበረው ሌባ ሻዩን ነው ወይስ የንጉሡን ፊት የማንበብ ችሎታን?

ይህን ጥያቄ ከምኒልክ አንድ መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ የጠየቀ ጉባኤ ነበር። ቪየና የተማረው ሐኪም ፍራንዝ አንቶን ሜስመር እ.ኤ.አ. በ1778 ፓሪስ ገብቶ፣ ከሰው ወደ ሰው የሚፈስ የማይታይ ፈሳሽ አለ፤ እኔ በእጄ አስተላልፌ እፈውሳለሁ ይል ጀመር። ሰዉ ጎረፈለት። እየተንቀጠቀጠ ይወድቃል፣ ይጮኻል፣ ያለቅሳል፣ ሲነሳ ተሻለኝ ይላል። (ጸበል ቦታ የሄደ ሰው ሥዕሉ አይጠፋውም።) ንጉሥ ሉዊ 16ኛ እ.ኤ.አ. በ1784 መርማሪ ጉባኤ አቋቋመ። ከአባላቱ መካከል አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን፣ የኬሚስትሪው አባት ላቮይዚዬና በኋላ የአንገት መቁረጫው መሣሪያ በስሙ የተጠራው ዶክተር ጊዮቲን ነበሩበት። ላቮይዚዬ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1794 በዚያው መሣሪያ መሞቱ የታሪክ ሹፈት ነው።

ጉባኤው ካደረጋቸው ፈተናዎች አንዱ ፓሲ በሚባለው ቦታ በፍራንክሊን ቤት የአትክልት ስፍራ የተደረገው ነው። የሜስመር ተከታይ የሆነው ዶክተር ዴሎን አንዱን የአፕሪኮት ዛፍ «ኃይል» እንዲሞላበት ተደረገ። ከዚያም አንድ ልጅ ቀረበ፤ ዕድሜው 12 ዓመት ነው። ዓይኑን ሸፍነው ከዛፍ ዛፍ ወሰዱት። በመጀመሪያው ዛፍ ላበው፣ አሳለው፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ባሰበት፤ በአራተኛው ዛፍ ሥር ራሱን ስቶ ወደቀ። ኃይል የተሞላበት ዛፍ ግን ከወደቀበት 7 ሜትር ያህል ይርቅ ነበር። ጉባኤው የደረሰበት ፍርድ ባጭሩ ይህ ነው፦ ፈሳሽ የሚባለው ነገር ያለ ሰውዬው ግምት ምንም አያደርግም፤ ግምቱ ግን ያለ ፈሳሹም ሰውን ይጥላል።

የፓሲውን ልጅና የእኛን ልጅ ጎን ለጎን አቁሞ ማየት ብዙ ያስተምራል። ሁለቱም አላስመሰሉም፤ ውድቀታቸው እውነተኛ ነበር። ልዩነቱ የአንደኛውን ዓይን የሚሸፍን ሰው መገኘቱ ነው።

ቃሉን የሰጠን ጄምስ ብሬድ ነው። ይህ በማንቸስተር ይኖር የነበረ ስኮትላንዳዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1841 አንድ የሜስመር ዘዴ አሳዪ ትርኢት ገብቶ አየ፤ ሊያጋልጥ ሄዶ ነገሩ ሳበው። እ.ኤ.አ. በ1843 ባሳተመው መጽሐፍም ፈሳሹን ጥሎ፣ ዓይንና ሐሳብ በአንድ ነገር ላይ ሲተከሉ የሚመጣ የነርቭ ሁኔታ ነው አለና በግሪክኛው የእንቅልፍ ስም ሰየመው። ቆይቶ እንቅልፍ አለመሆኑን ሲረዳ ስሙን ሊለውጥ ሞከረ፤ ስም ግን አንዴ ከወጣ አይመለስም። በዚያው ዘመን በቤንጋል የነበረው ሐኪም ጄምስ ኤስዴል ማደንዘዣ መድኃኒት ሳይስፋፋ በፊት በሽተኞችን በዚህ ሰመመን እያስተኛ በመቶ የሚቆጠሩ ቀዶ ሕክምናዎችን አድርጓል።

ከዚያ የመጣው ትልቁ ክርክር በፓሪስና በናንሲ መካከል ነው። የፓሪሱ ሻርኮ ሂፕኖሲስ የሕመም ዓይነት ነው፣ የሚይዘውም ነርቩ የታመመውን ሰው ነው፣ ሦስት ደረጃዎችም አሉት እያለ በሳልፔትሪየር ሆስፒታል በሴት ሕሙማን ላይ በአዳራሽ ያሳይ ነበር። የናንሲዎቹ ሊዬቦና በርንሄም ደግሞ፣ የለም፣ ጤናማውንም ይይዛል፣ ሁሉም ነገር ከቃል ነው አሉ። ለዚህ እነሱ የሚሰጡትን ስም ወደ አማርኛ ስመልሰው «ጥቆማ» ከማለት የተሻለ አላገኘሁም። «እጅህ ከበደ» ሲባል እጁ ይከብደዋል፤ «ዝንብ አለ» ሲባል ያባርራል። በርንሄም ረታ። የሻርኮ ሕሙማን እነዚያን ሦስት ደረጃዎች የተማሩት ከረዳት ሐኪሞቹና እርስ በርሳቸው እንደነበረ ታወቀ፤ ሐኪሙ የሚጠብቀውን ያሳዩት ነበር። ጥቆማ የሚለው ቃል በእኛ አገር የወንጀል ምርመራ ቃልም መሆኑ ለዚህ ጽሑፍ ሳይፈለግ የመጣ በረከት ነው።

ያ ክርክር መልኩን ለውጦ ዛሬም አላለቀም። የስታንፎርዱ ኧርነስት ሂልጋርድ፣ በሰመመን ጊዜ አእምሮ ለሁለት ይከፈላል ይል ነበር። እጁን በረዶ ውኃ ውስጥ የነከረ ሰው «አያመኝም» ይላል፤ ሆኖም «ያ የተሰወረው ክፍልህ ይናገር» ሲባል «ያመኛል» ብሎ ይመልሳል። ቴዎዶር ሳርቢንና ከእርሱ በኋላ የመጡት ግን፣ ልዩ ሁኔታ የሚባል የለም፣ ሰውዬው የሚጠበቅበትን ሚና ከልቡ ይጫወታል እንጂ አሉ። ኒኮላስ ስፓኖስ ደግሞ የሂልጋርድን ሙከራ ትንሽ ለውጦ ደገመው። የተሰወረው ክፍል ምን እንደሚል አስቀድሞ ሲጠቆም፣ የተጠቆመውን ሁሉ ይል ነበር! በሌላ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ1997 በካናዳ የወጣ የአንጎል ምርመራ ጥናት ፍል ውኃ ውስጥ እጁን ለነከረ ሰው በሰመመን «ቃጠሎው አያስጨንቅህም» ሲባል ጭንቀቱን የሚመለከተው የአንጎል ክፍል ሥራው እንደሚለወጥ አሳይቷል። እንግዲህ ማስመሰልም አይደለም። በበኩሌ ሁለቱ ወገኖች ከሚሉት በላይ ይቀራረባሉ እላለሁ፤ ሚናውን ከልቡ የሚጫወት ሰው አንጎሉም አብሮ ይጫወታል።

ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት አንድ ነገር ግን አለ፤ ለሌባ ሻይም ዋናው እሱ ነው። ሰመመን ሰውን አዲስ ነገር አያሳውቀውም። ሕመም ሊያቀል፣ ፍርሃት ሊያበርድ ይችላል። ትዝታ ሲጠየቅ ግን ያለውንም የሌለውንም ያመጣል፤ ይባስ ብሎም ባለቤቱ በሐሰተኛው ትዝታ ላይ ያለውን እርግጠኝነት ይጨምራል። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሂፕኖሲስ የተመለሰ ትዝታ ይዘው በሚቀርቡ ምስክሮች ላይ እ.ኤ.አ. በ1982 በሩን የዘጋው በዚህ ምክንያት ነው።

«ልጁ እኮ መድኃኒት ነበር የጠጣው» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። የዱቄቱ ቅመም የባለሙያዎቹ ምሥጢር ነበር፤ በአገራችን አእምሮ በማዞር ስሙ የወጣው ዕፅ ግን ዐጤ ፋሪስ፣ በሌላ ስሙ አስተናግር ነው። ስሙን ተመልከቱ፦ የሚያናግር። ትግርኛውም «መዘርብዕ» ብሎ ያንኑ ይላል። የቆሎ ተማሪዎች ትምህርት እንዲገባቸው የሚጠጡት አብሾ የሚዘጋጀውም ከዚሁ ዕፅ ነው፤ መጠጥ ሲቀምስ የሚያብደውን ሰው «አብሾ አለበት» የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። ዕፁ ውስጥ ያለው ስኮፖላሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ምላስ ያደርቃል፣ የዓይን ብሌን ያሰፋል፣ ያቃዣል፣ ትዝታ ይሰርቃል። አሜሪካኖችም በተራቸው ተታለውበታል። ሮበርት ሐውስ የተባለ የቴክሳስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1922 ስኮፖላሚንን እስረኞች ላይ ሞክሮ «እውነት የሚያናግር መድኃኒት» ብሎ አስወራለት። እውነት ግን አያናግርም፤ ያናግራል ብቻ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1963 እንዲህ ባለ መድኃኒት የተገኘ የእምነት ቃል በገዛ ፈቃድ እንደተሰጠ እንደማይቆጠር ወሰነ። እኛ ያን ጊዜ ሌባ ሻይን ከተውን ቆይተን ነበር፤ ከምኒልክ በኋላ በነበሩት ዓመታት በመንግሥት ትእዛዝ ተከልክሏልና።

ታዲያ ነገሩ አልቋል? ሌባ ሻዩ ቀረ እንጂ ጥያቄው አልቀረም። ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወረድ ጉለሌ ውስጥ ቀጨኔ አለ። ምኒልክ ከተማቸውን ሲሠሩ ከየአገሩ ያሰባሰቧቸው የእጅ ባለሙያዎች የሰፈሩበት ነው፤ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ፣ ብረት ይቀጠቅጣሉ። አዲስ አበባ ቡናዋን ያፈላችበት ጀበና፣ ወጧን የሠራችበት ድስት ከእነዚህ እጆች ወጥቷል። የተከፈላቸው ዋጋ ግን «ቡዳ» መባል ነው።

ቡዳ የሚባለው ሕመም ሲነሳ የሚሆነውን አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋል። በሽተኛው ይጮኻል፣ ይወራጫል፣ ጭስ ያጥኑታል። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፦ «ማን ነህ? የት አገኘኸው? ለፍልፍ!» በሽተኛውም ይለፈልፋል፤ ስም ይጠራል። እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በሰሜን ኖሮ በ1853 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን በሰፊው ገልጾታል፤ ያን ጊዜም የሚጠረጠሩት ቀጥቃጮቹ ነበሩ። ነገሩን ከሌባ ሻይ ጋር አስተያዩት። እዚያ ልጅ፣ እዚህ በሽተኛ፤ እዚያ ዱቄት፣ እዚህ ጭስ፤ እዚያ መቀነት የያዘ፣ እዚህ ጥያቄ የያዘ። ሕዝቡ በሁለቱም ዘንድ ከቦ ቆሟል፤ መልሱንም በልቡ ይዞታል። የወረዳውን ገዥ ወይም የመንደሩን ባለጸጋ ስም የለፈለፈ በሽተኛ እስካሁን አልሰማሁም። የሚለፈለፈው የሸክላ ሠሪዋ ስም ነው። በሽተኛው አልዋሸም፤ የተጠቆመውን ተናገረ እንጂ።

ሰመመን ሁሉ ክስ ነው ማለቴ አይደለም። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1924 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ፣ በአስተርጓሚው በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ አማካይነት መልካም አየሁ የተባሉ የታወቁ ባለ ዛር ቤት ወራት ሙሉ እየተመላለሰ ያየውን ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣው መጽሐፉም የዛሩን ሥርዓት ከትያትር ጋር አስተያይቶ፣ የሚጫወቱት ሳይሆን የሚኖሩት ትያትር ነው ብሎታል፤ የሳርቢን ወገኖች የሚሉትን ያህል ነው። በዛር ቤት ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ዛሩ ሲወርድ «ማን አደረገው?» አይባልም፤ «ምን ትሻለህ?» ይባላል። (ያው «ሻ» ነው፣ መንገዱ ግን ለየቅል።) ዛሩም ጌጥ እሻለሁ፣ ቀሚስ እሻለሁ፣ ዶሮ እሻለሁ ይላል፤ በቤቷ ድምፅ የሌላት ሴት በዛሯ አፍ ትጠይቃለች፣ ባሏም ወዶ ሳይወድ ይሰጣል። አሜሪካዊው ሳይመን መሲንግ በዚያው እ.ኤ.አ. በ1958 ይህን ከቡድን ሕክምና ጋር አመሳስሎታል። ኪስ ማራቆቱ፣ ሰውን በባለ ዛር ደጅ ማስገበሩ እርግጥ ነው፤ ዛርን ላመሰግን አልተነሳሁም። ቢያንስ ግን በዚያ ሰመመን ጎረቤት አይወነጀልም።

በጸበል ቦታም የሚለፈልፍ ሰው አለ፤ የእምነቱን ጉዳይ ለባለ እምነቱ እተወዋለሁ። የሚያሳስበኝ ከጸበሉ በኋላ ያለው ነው። ልጅቷ በጩኸት መካከል የጠራችው ስም ጠዋት በየቤቱ ይደርሳል።

ሕጋችን ለዚህ ምን አለው? በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ፖሊስ ቃል ለመቀበል ማስፈራራትንና ተገቢ ያልሆነ ዘዴን እንዳይጠቀም ይከለክላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ይደነግጋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ሌላውን ሰው በሂፕኖቲዝም ወይም በሚያደነዝዝ ነገር ፈቃዱን ማሳጣት ወንጀል ነው ይላል። እንግዲህ ሌባ ሻዩ ዛሬ ቢመጣ በመጀመሪያ የሚከሰሰው ልጁን ወተቱን ያጠጣው ሰው ነው። የቀጨኔዋ ሸክላ ሠሪ ግን ችሎት የላትም፤ ከሳሿ ራሱን ስቶ ስለነበር የተናገረውን አያስታውስም፣ ጠያቂዎቹም «እኛ ምን አልን፣ እሱ ነው የለፈለፈው» ይላሉ። እሷም ጀበናዋን በጭድ አሽጋ ወደ ሌላ ገበያ ትወጣለች፤ የሚገዟት ሴቶችም ሒሳቡን ከፍለው ልጃቸውን ከነጠላቸው ሥር ይሸፍኑባታል።